9.81 ነው ብዬ ‹‹አውቅ›› ነበር፦ ዕውቀትን በሥነ አመክንዮና በፕሮባብሊቲ ስለ መመርመር

ይህን ጽሑፍ በኑዛዜ ልጀምር። ከሃያ ዓመታት በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድን ትክክለኛ የሙከራ ውጤት በላጲስ አጥፍቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከቤተ ሙከራ ጓደኛዬ ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ የመሬት ስበት አክስለሬሽንን ማለትም በተለምዶ ‹‹ጂ›› የምንለውን ቁጥር በፔንዱለም እንድንለካ ታዘዝን። አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ በክር አንጠልጥለን ከመስቀያው አንሥቶ እስከ ኳሷ መካከል ያለውን ርቀት ልክ አንድ ሜትር አደረግን። በጥቂቱ ገፋ አድርገን ለቀቅናትና አንድ መቶ ጊዜ ስትመላለስ የወሰደባትን ጊዜ በስቶፕዎች ለካን፤ 201.0 ሴኮንድ ሆነ። በቀመሩ ስናሰላው ጂ 9.77 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር መጣ። መጽሐፉ ግን 9.81 ይላል። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ‹‹ተሳስተናል›› አለ እርሱ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ሙከራውን መድገም የምሳ ሰዓት ያሳልፍብን ስለ ነበር 201.0 የሚለውን አጥፍተን 200.6 ጻፍን። ስሌቱ አሁን 9.81 ሰጠ። ሪፖርታችንም ከአሥር አሥር አገኘ።

ጥፋቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሬት በዛቢያዋ ስለምትሽከረከርና በወገቧ በኩል በጥቂቱ ስለምትሰፋ፣ የስበቱ አክስለሬሽን ከዋልታዎቹ ወደ ወገቧ ስንቀርብ ይቀንሳል፤ ወደ ላይ ከፍ ስንልም እንደዚሁ ይቀንሳል። ሁለቱ ምክንያቶች ተደምረው በአዲስ አበባ ጂን ወደ 9.77 ያወርዱታል። 9.81 ለፓሪስ ትክክል ነው። እኛ የለካነው የቆምንበትን መሬት ነበር፤ ያጠፋነውም እርሱኑ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው የሐሰት ሪፖርት መጻፍ ነውር መሆኑን ለመስበክ አይደለም፤ ነውርነቱን አንባቢ ያውቀዋል። እኔን ለብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ በእጄ የያዝኩትን ማስረጃ ይዤ፣ ማመን የነበረብኝ ምንድን ነበር? መጽሐፉ በታወቁ ሊቃውንት የተጻፈ ነው። እኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ በእጃችን ያለው ክርና የእንጨት ሜትር ነው። መጽሐፉን ማመናችን እኮ ሞኝነት አልነበረም። ታዲያ ስሕተታችን የቱ ላይ ነው? ይህን የመሰለውን ጥያቄ የሚያጠናው የፍልስፍና ዘርፍ ሥነ ዕውቀት ወይም ኢፒስቲሞሎጂ ይባላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በተለይም ከአጋማሹ ወዲህ፣ የዚህ ዘርፍ አንድ ክፍል የእኛን የሒሳብ ሰዎች መሣሪያዎች፣ ሥነ አመክንዮንና ፕሮባብሊቲን፣ እያነሣ ጥያቄዎቹን በቀመር መመርመር ጀምሯል። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ፍልስፍና ያለ አይመስለኝም።

ማወቅ ምንድን ነው?

ከጥንት ጀምሮ፣ ከፕላቶ ዘመን አንሥቶ ማለት ነው፣ ሲነሣና ሲጣል የኖረ አንድ ብያኔ አለ። አንድ ሰው አንድን ነገር ያውቃል የሚባለው ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው ይላል፤ ነገሩ እውነት ሲሆን፣ ሰውየው ሲያምነው፣ ለማመኑም በቂ ምክንያት ሲኖረው። በዚህ ብያኔ መሠረት እኔ አዲስ አበባ ላይ ጂ 9.81 መሆኑን ‹‹አላውቅም ነበር››። አምኜአለሁ፤ ምክንያትም ነበረኝ፤ ነገሩ ግን እውነት አልነበረም። እስከዚህ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ኤድመንድ ጌቲየር የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ሦስት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፏ ሦስቱ ሁኔታዎች ተሟልተው እንኳ ዕውቀት ላይኖር እንደሚችል በምሳሌ አሳየች። የጌቲየርን ምሳሌዎች ትቼ ከቤተ ሙከራችን አንድ ልስጥ። የእንጨቱ ሜትር የዜሮ ጫፍ በአገልግሎት ብዛት 4 ሚሊሜትር ተበልቷል እንበል፤ ስለዚህ የክሩን ርዝመት ከእውነተኛው 4 ሚሊሜትር አብልጦ ያሳያል። ስቶፕዎቹ ደግሞ በሺህ ሴኮንድ ሁለት ሴኮንድ ይፈጥናል እንበል። ርዝመቱ 0.4 በመቶ ስለ በዛ ጂ 0.4 በመቶ ይጨምራል። ጊዜው 0.2 በመቶ ስለ በዛ፣ በቀመሩም ውስጥ ጊዜው በስኩዌር ስለሚገባ፣ ጂ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ተማሪው በትክክል 9.77 ያገኛል። ውጤቱ እውነት ነው፤ ተማሪው ያምነዋል፤ በሚገባ ለክቶ ያገኘው ስለሆነም በቂ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ‹‹ያውቃል›› ልንል አፋችን አይደፍርም። ያገናኘው ከእውነቱ ጋር አጋጣሚ ነዋ!

በሙከራ ሥራ የቆየ ሰው ይህን ምሳሌ ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሁለት ስሕተቶች ተጣፍተው የሰጡትን ትክክለኛ ውጤት ያላየ የቤተ ሙከራ መምህር የለምና።

ጌቲየር ባሳተመበት ዓመት ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ፊንላንዳዊው ያኮ ሂንቲካ ‹‹ያውቃል›› እና ‹‹ያምናል›› የሚሉትን ግሦች እንደ አመክንዮ ምልክቶች ቆጥሮ ሕግ የሚያወጣ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አንድን ነገር ማወቅ ማለት፣ ከያዝከው መረጃ ጋር በሚስማሙ ዓለማት ሁሉ ነገሩ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ይህ የሐሳቡ እምብርት ነው። ‹‹ካወቅሁ ማወቄንም አውቃለሁን?›› የሚለው ጥያቄ እንኳ በዚህ መንገድ የሚረጋገጥ ወይም የሚፈርስ ቀመር ይሆናል። ይህ ሥነ አመክንዮ ኋላ በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ፣ ተራርቀው መልእክት የሚለዋወጡ ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው ምን እንደሚያውቁ ለማጥናት አገልግሏል። ለእኛ ጥያቄ ግን አይበቃም። በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚገጥመን አውቃለሁ ወይም አላውቅም የሚባል ነገር ሳይሆን በመካከል ያለው ነው።

ሎተሪውና የመጽሐፉ መቅድም

በመካከል ያለውን ለመለካት ወዲያው የሚታሰበው ፕሮባብሊቲ ነው። ‹‹የመሆን ዕድሉ ከ99 በመቶ በላይ ከሆነ ልመነው›› ብንልስ? ቀላልና ተገቢ ደንብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ሄንሪ ካይበርግ ይህ ደንብ ወዴት እንደሚያደርስ አሳይቷል።

አንድ ሚሊዮን ትኬት የተሸጠበትና አንድ ብቻ ዕጣ የሚወጣበት ሎተሪ እናስብ። ከሎተሪ አዟሪው አንድ ትኬት ገዛሁ። ይህ ትኬት አይወጣለትም ብዬ ላምን ይገባኛል፤ ላለመውጣቱ ያለው ዕድል 99.9999 በመቶ ነውና። የጎረቤቴም ትኬት እንዲሁ። የሦስተኛውም፣ የአራተኛውም፣ እስከ ሚሊዮንኛው ድረስ የእያንዳንዱ ትኬት ጉዳይ አንድ ነው። እያንዳንዱን ካመንኩ፣ ያመንኳቸውን ነገሮች አንድ ላይ ደምሬ ‹‹ከትኬቶቹ አንዱም አይወጣለትም›› ብዬ ማመን የሚገባኝ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ እንደሚወጣለት አውቃለሁ! ደንቡ በራሱ ላይ ተነሣ ማለት ነው።

ከዚህ ለመውጣት ከሦስት ነገሮች አንዱን መተው ግድ ነው፤ ወይ ከፍተኛ ዕድል ለማመን ይበቃል የሚለውን፣ ወይ ያመንናቸው ነገሮች ሲደመሩም የሚታመኑ ናቸው የሚለውን፣ ወይ እምነታችን እርስ በርሱ መቃረን የለበትም የሚለውን። ካይበርግ ራሱ ሁለተኛውን ነው የተወው። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1965 አውስትራሊያዊው ዴቪድ ማኪንሰን ያነሣው ‹‹የመቅድም እንቆቅልሽ›› ይህንኑ ያጠናክራል። አንድ ደራሲ በመጽሐፉ የጻፈውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ያምነዋል፤ ባያምነው ባልጻፈው ነበር። በመቅድሙ ግን ‹‹ለቀሩት ስሕተቶች ኃላፊው እኔ ነኝ›› ይላል። ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ያስገድደዋል። በመጽሐፉ 300 ነጠላ አስረጂዎች ካሉ፣ እያንዳንዱም በ99 በመቶ የሚታመንና አንዱ ከሌላው ነጻ የሆነ ከሆነ፣ ሦስት መቶዎቹም ያለ አንዳች ስሕተት እውነት የመሆናቸው ዕድል 0.99 ለ300 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም ወደ 5 በመቶ ዝቅ ይላል። የዶክትሬት ጽሑፌን ካስጠረዝኩ በኋላ በአንደኛው ቀመር ላይ የቀነስ ምልክት ተዘልሎ ያገኘሁት ዕለት ይህን ስሌት አስታውሼ ተጽናንቻለሁ።

ከሎተሪው ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህኛው ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ‹‹ትኬቴ እንደማይወጣለት አውቃለሁ›› የሚል ሰው የለም፤ ቢያውቅማ ለምን ይገዛው ነበር? ዕጣው ወጥቶ ቁጥሩን በጋዜጣ ካነበበ በኋላ ግን ‹‹አልወጣልኝም፤ አውቄዋለሁ›› ይላል። ጋዜጣው ቁጥር አሳስቶ የማተም ዕድሉ ግን ከሚሊዮን አንድ የሚበልጥ ነው! ባነሰ ዕድል ‹‹አውቃለሁ›› እያልን፣ በበለጠ ዕድል ‹‹አላውቅም›› እንላለን። ስለዚህ ማወቅ ማለት የዕድል መብዛት ብቻ ሊሆን አይችልም። ጋዜጣው ዕጣ ቢወጣልን ኖሮ ሌላ ቁጥር ያትም ነበር፤ ከእውነቱ ጋር በአንድ መስመር የታሰረ ነው። ስለ ትኬቱ የምናሰላው ዕድል ግን ዕጣ የሚወጣለትን ትኬት ለያዘውም ሰው ያው ቁጥር ነው፤ ከእውነቱ ጋር የሚያስተሳስረው ክር የለም።

ሰባኪው ቤይዝና የእኛ ፔንዱለም

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንመለስ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ቶማስ ቤይዝ እ.ኤ.አ. በ1761 ሲሞት ያላሳተመው የሒሳብ ጽሑፍ በወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ አርሞ ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበው፤ በ1763ም ታተመ። ከዚያ ጽሑፍ የፈለቀው ሕግ በንጽጽር መልክ ሲቀመጥ ቀላል ነው። ሁለት መላምቶች ቢኖሩ፣ ከማስረጃው በኋላ ያላቸው የዕድል ንጽጽር ከማስረጃው በፊት የነበራቸው ንጽጽር በማስረጃው ክብደት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የማስረጃው ክብደት ማለት፣ አንደኛው መላምት እውነት ቢሆን ይህን ማስረጃ የማየት ዕድላችን፣ ሌላኛው እውነት ቢሆን ከሚኖረን ዕድል ስንት እጥፍ ነው የሚለው ቁጥር ነው።

በፔንዱለሙ እንሞክረው። አንደኛው መላምት በዚህ ሥፍራ ጂ 9.81 ነው ይላል፤ ሁለተኛው 9.77 ነው ይላል። ለመጽሐፉ ተገቢውን ክብር ሰጥተን 9 ለ 1 በሆነ ንጽጽር ለመጽሐፉ እናድላ። የልኬታችን የስሕተት ወሰን ስንት ነው? ርዝመቱን አንድ ሚሊሜትር ብንስት ጂ በ0.01 ይዛባል። በ200 ሴኮንድ ውስጥ ስቶፕዎቹን ስንጫን 0.2 ሴኮንድ ብንዘገይ ወይም ብንቸኩል በ0.02 ይዛባል። በጥቅሉ ±0.02 ብንል ራሳችንን አላታለልንም። ስሕተቶቹ የደወል ቅርጽ ባለው የጋውስ ሥርጭት የሚሄዱ ከሆነ፣ እውነተኛው 9.77 ቢሆን 9.77 የመለካት ዕድላችን፣ እውነተኛው 9.81 ቢሆን ከሚኖረን 7.4 እጥፍ ነው።

ከልኬቱ በፊት 9 ለ 1 የነበረው ንጽጽር፣ ከአንድ ልኬት በኋላ 9 ለ 7.4 ይሆናል። በመቶኛ ሲገለጽ ለመጽሐፉ 55፣ ለእኛ 45 ነው። እንግዲህ ይታያችሁ! በዚያ ቀን መጽሐፉን ከእኛ ልኬት በጥቂቱ አብልጠን ማመናችን ምክንያታዊ ነበር። ምክንያታዊ ያልነበረው የምሳ ሰዓታችንን መውደዳችን ነው። ሙከራውን በሌላ ሜትርና በሌላ ስቶፕዎች አንድ ጊዜ ደግመን ዳግመኛ 9.77 ብናገኝ ኖሮ ንጽጽሩ 9 ለ 55 ይሆን ነበር፤ ማለትም ከመቶ 86 እጅ ለእኛ። ሦስተኛው ደግሞ ወደ 98 ያደርሰዋል። ሦስት ልኬት፣ በጠቅላላው ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ መወዛወዝ፣ አንድን የታተመ ቁጥር ለመርታት ይበቃ ነበር።

‹‹9 ለ 1›› የሚለው ከየት መጣ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል። የቤይዝ ዘዴ ተቃዋሚዎች ከመቶ ዓመት በላይ የጮኹት በዚህ ላይ ነው። ቅድመ ግምቱ ከእኔ የመጣ ነው፤ ሌላ ሰው 1 ለ 1 ወይም 99 ለ 1 ብሎ ሊጀምር ይችላል። ደጋፊዎቹ የሚሰጡት መልስ ማስረጃ ሲከማች መነሻው እየተረሳ ይሄዳል የሚል ነው። 99 ለ 1 ብሎ የጀመረው ሰው ከሦስት ልኬት በኋላ ከመቶ ወደ 80 ይደርሳል፤ ከአራት በኋላ 97 ላይ ነው። መልሱ ሙሉ አይደለም፤ ማስረጃው ጥቂት በሆነበት ጊዜ መነሻው የሚወስንበት ጉዳይ ብዙ ነው። የፈረንሳዩ ላፕላስ ስለ ነገው የፀሐይ መውጣት ያደረገውን ዝነኛ ስሌት ብናስታውስ ይህ ይታየናል። የ5000 ዓመታት ታሪክን፣ ይኸውም 1,826,213 ቀናትን ይዞ፣ ፀሐይ ነገ ለመውጣቷ 1,826,214 ለ 1 መወራረድ እንደሚገባ አሰላ። ስለ ዕለታት ምንም ከማያውቅ ባዶ መነሻ ተነሥቶ ነው። ወዲያውም፣ የፀሐይንና የምድርን የእንቅስቃሴ ሕግ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አክሎ ጽፏል። ይህችን ተጨማሪ ቃል ዘልለው ላፕላስን የሚሳለቁበት ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው።

ከየትኛውም መነሻ ብትነሡ የማትመለሱበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም ዜሮ ነው። ለአንድ መላምት ዜሮ ዕድል ሰጥቶ የጀመረ ሰው፣ የፈለገው ማስረጃ ቢቆለልለት፣ ዜሮን በምንም ቢያበዙት ዜሮ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴኒስ ሊንድሊ፣ ከአመክንዮና ከሒሳብ እውነቶች በቀር ለምንም ነገር ዜሮ ወይም መቶ በመቶ አትስጡ የሚል ደንብ አውጥቶ በኦሊቨር ክሮምዌል ስም ጠርቶታል። እውነቱን ለመናገር የእኔና የጓደኛዬ ቅድመ ግምት 9 ለ 1 አልነበረም። ‹‹በአዲስ አበባ ጂ ከመጽሐፉ ሊለይ ይችላል›› የሚል ሐሳብ በአእምሯችን ፈጽሞ አልነበረም፤ ዜሮ ነበር። ስለዚህ ያየነው ቁጥር ስለ መሬት ሊነግረን የሚችለው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሊነግረን የሚችለው ስለ እኛ ስሕተት ብቻ ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ካየን፣ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳለች የደቡብ አሜሪካ ከተማ፣ ተጓዘ። በፓሪስ በትክክል ትሠራ የነበረችው የፔንዱለም ሰዓቱ በካየን በቀን ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ትቀር ጀመር። ምናልባት የሐሩሩ ሙቀት የፔንዱለሙን ዘንግ አስረዝሞት ይሆናል የሚል ግምት ቀርቧል፤ ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ምክንያት ሁልጊዜም ቀድሞ ይታሰባል። ሪሼ ግን ልኬቱን ለወራት ደጋገመው። ኒውተን በታላቅ መጽሐፉ ሙቀቱ ብቻውን ያን ያህል ልዩነት ሊያመጣ እንደማይችል መዝኖ፣ የሪሼን ሰዓት መሬት በወገቧ የሰፋች ለመሆኗ ማስረጃ አድርጎ ጠቀሳት። የሁለት ደቂቃ ተኩሉን መዘግየት ወደ ጂ ብንለውጠው ከ9.81 ወደ 9.78 ገደማ ያወርደናል። ሪሼ ላጲስ አልያዘም ነበር።

ውርርዱና ኒውትሪኖው

‹‹እምነቴ 60 በመቶ ነው›› ማለት ራሱ ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1926 የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የነበረው እንግሊዛዊ ፍራንክ ራምዚ የእምነትን መጠን በውርርድ እንለካው አለ። ኢጣሊያዊው ብሩኖ ዴ ፊኔቲም ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ በ1937 አሳተመ። አንድ የኳስ አፍቃሪ ‹‹ጊዮርጊስ ቡናን ያሸንፋል›› የሚለውን በ60 በመቶ፣ ‹‹አያሸንፍም›› የሚለውንም በ60 በመቶ ያምናል እንበል። ካሸነፈ መቶ ብር ለሚያስገኝ ትኬት 60 ብር ቢከፍል ተገቢ ዋጋ ይመስለዋል፤ ካላሸነፈ መቶ ብር ለሚያስገኘውም እንዲሁ 60 ብር ይከፍላል። ሁለቱንም ሸጥንለት። የከፈለው 120 ብር ነው፤ ጨዋታው በምንም ቢያልቅ የሚያገኘው 100 ብር ነው። የእምነቱ መጠኖች የፕሮባብሊቲን ሕግጋት የሚጥሱበት ሰው፣ የሚከስርበትን ውርርድ ራሱ ተስማምቶ ሊገዛ እንደሚችል ሁለቱ ሊቃውንት አረጋገጡ። ኳስ አፍቃሪ ጓደኞቼ ይህን ምሳሌ አይወዱትም።

የዚህ አስተሳሰብ ኃይል የገባኝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ነው። ውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። ‹‹ኦፔራ›› የተባለው የምርምር ቡድን፣ ጄኔቫ አጠገብ ከሚገኘው ሰርን ተነሥተው በምድር ውስጥ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኢጣሊያ ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኒውትሪኖዎች፣ ብርሃን ሊደርስበት ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖሴኮንድ ያህል ቀድመው እንደሚደርሱ አስታወቀ። ከ15 ሺህ በላይ ኒውትሪኖዎች ተለክተው ነበር። የስታቲስቲክስ ስሕተት ብቻ ይህን ለማምጣት ያለው ዕድል ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ውጤቱ ከተጠበቀው ስድስት የስሕተት ወሰን ርቆ ነበርና። የእኛ ፔንዱለም ከመጽሐፉ የራቀው በሁለት ብቻ እንደሆነ ልብ ይሏል።

በመተላለፊያው ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ‹‹ኒውትሪኖ ከብርሃን አይፈጥንም፤ መቶ ለአንድ እወራረዳለሁ›› ሲል ተነሣ። ከመካከላችን አንድስ እንኳ ውርርዱን አልተቀበለም። አንስታይንን ስለምንፈራ ነበርን? አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የስድስት ወሰን ርቀት ‹‹አጋጣሚ ነው›› የሚለውን መላምት ይደመስሳል። ነገር ግን ሦስተኛ መላምት አለ፤ ያልታወቀ የመሣሪያ ጉድለት። የብርሃን ፍጥነት የመጣሱን ቅድመ ዕድል ከሚሊዮን አንድ፣ በዚህ ዓይነት ውስብስብ መሣሪያ ውስጥ ይህን ያህል የሚያዛባ የተሠወረ ጉድለት የመኖሩን ከሺህ አንድ አድርገን ብንገምት፣ ሁለቱም 60 ናኖሴኮንዷን እኩል ያስረዳሉ። ማስረጃው በሁለቱ መካከል አይለይም፤ ንጽጽሩ ሺህ ለአንድ እንደ ነበረ ይቀራል። የኒውትሪኖዎቹ ቁጥር ከ15 ሺህ ወደ 15 ሚሊዮን ቢያድግ እንኳ ይህን አይለውጠውም። ቅድመ ግምቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ይልቁንም በእውነት ከሰማይ የወረደ ነው ብንል ይሻላል! እ.ኤ.አ. በ1987 በ168 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት የፈነዳችው ኮከብ ኒውትሪኖዎች ከብርሃኗ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ቀድመው መሬት ደርሰዋል። የኦፔራ ፍጥነት ቢኖራቸው ኖሮ አራት ዓመት ያህል መቅደም ነበረባቸው። የእነዚያ ኒውትሪኖዎች ጉልበት እጅግ አነስተኛ ስለ ነበር ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ክብደቱ ግን ቀላል አልነበረም።

የቡድኑን አባላት ላመሰግን ይገባኛል። ውጤታቸውን አልደበቁም፤ አላጠፉምም፤ ስሕተቱን ፈልጉልን ብለው ለዓለም አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ጊዜ የሚያስተላልፍ የኦፕቲካል ፋይበር ገመድ በሚገባ ሳይጠብቅ መቆየቱ ታወቀ። በመጋቢት ወር ደግሞ በዚያው በግራን ሳሶ የሚገኘው ‹‹ኢካሩስ›› የተባለ ሌላ ቡድን በራሱ መሣሪያ ለክቶ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን እንዳልቀደሙ አሳየ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ግራ ሊጋባ ይችላል። በአዲስ አበባው ቤተ ሙከራ መጽሐፉን ማመን ጥፋት ሆነ፤ በግራን ሳሶ ደግሞ መጽሐፉን ያመኑት ሁሉ ትክክል ሆኑ። ልዩነቱ በማን አሸናፊነት ላይ አይደለም። የግራን ሳሶዎቹ ሦስተኛውን መላምት በስሙ ጠርተው፣ ዕድል ሰጥተውት፣ ገመድ በገመድ ፈለጉት። እኛ ደግሞ ‹‹ተሳስተናል›› አልን እንጂ ስሕተቱ ክሩ ላይ ይሁን ሰዓቱ ላይ፣ ሜትሩ ላይ ይሁን መጽሐፉ ላይ፣ አልጠየቅንም። ዛሬ እኔ ሪፖርት ሳርም 9.77 ላመጣም 9.81 ላመጣም ተማሪ የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ በላጲስ የጠፋ ቁጥር ባየሁበት ወረቀት ላይም ከሥሩ ምን እንደ ነበረ ወደ ብርሃን አንሥቼ እመለከታለሁ።

ለሚወድዱት አንባቢያን አንድ መልመጃ እነሆ። በደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው ምድር፣ ጂ ወደ 9.78 ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባው በ0.01 ያህል ይበልጣል። በእኛ ፔንዱለም፣ ±0.02 በሆነ የስሕተት ወሰን፣ ሁለቱን ሥፍራዎች መለየት ይቻላልን? የእያንዳንዱ ልኬት ክብደት 1.13 ብቻ ነው፤ ከ1 ለ 1 ተነሥቶ ወደ 100 ለ 1 ለመድረስ፣ ውጤቶቹ ሁሉ ከሚጠበቀው ላይ ቢያርፉ፣ 37 ልኬት ያስፈልጋል። ሠላሳ ሰባቱም ልኬቶች ግን ያው ጫፉ የተበላ ሜትር የተወሰደባቸው ከሆኑ ስሌቱ ምን ይሆናል? ሜትሩ ወደ ደናክልም አብሮ ቢወርድስ?